ትራይኮደርማ ዱቄት፦ ለቲማቲሜ ሥር የሞከርኩት

ቲማቲሜ ጠዋት ቀና ብሎ ያረፍዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል። ውሃ የጠማው መስሎኝ አጠጣሁት፤ ባሰበት። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኗል። በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቅርፊቱ ተላጦ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። በሽታው ሥር አበስብስ ነበር።

ትራይኮደርማን የገዛሁት ያኔ ነው። ጎጂ ፈንገሶችን የሚሻማና የሚያጠቃ ጠቃሚ ፈንገስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የበሰበሰውን አላዳነልኝም። አዲሶቹን ችግኞች ግን ሥራቸውን በውሃ በበጠበጥኩት ዱቄት ነክሬ፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ተከልኳቸው። ከሁለት ወር በኋላ አንዱን ነቅዬ አየሁ፤ ሥሩ ነጭና ጠንካራ ነው። በጣም ደስ አለኝ!

ቅር ያለኝ ማሸጊያው ነው። ዱቄቱ ሕይወት ስላለው ሙቀትና ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል ሊገድሉት ይችላሉ። ይህ በጉልህ መጻፍ ነበረበት። እኔ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።