በኮምፒውተር መዳፊት የሚሳብ ቃታ፦ «ላይቭ-ሾት» እና የዘጉት ሕጎች

«ላይቭ-ሾት» የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 መካከል ከአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ለደንበኞቹ ያቀረበው አገልግሎት ለመግለጽ ቀላል ነው፤ ለመውደድ ግን እጅግ ያስቸግራል። በአንድ የግል መሬት ላይ ጠመንጃና ካሜራ በሞተር በሚዞር ማቆሚያ ላይ ተገጥመው ተተክለዋል። ደንበኛው በቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተሩ ስክሪን እያየ አፈሙዙን ያዞራል፣ ያነጣጥራል፣ ከዚያም በመዳፊቱ ጠቅ ሲያደርግ ጥይቱ ይተኮሳል። በቦታው የሚገኝ ሠራተኛ ደግሞ አደጋ የሚያስከትል መስሎ ከታየው ተኩሱን ማስቆም ይችላል።

አገልግሎቱ የጀመረው ከወረቀት ዒላማ ነበር። ደንበኛው 5.95 ዶላር ከፍሎ በ20 ደቂቃ ውስጥ አሥር ጥይት ይተኩሳል። ይህን ክፍል ብቻውን ብንመዝነው ዋጋው የሚያስከፋ አይደለም፤ ማንንም የማይጎዳ መዝናኛም ነው። ጣጣው የመጣው ወረቀቱ በሕይወት ባለ እንስሳ ሲተካ፣ ማለትም የዱር አሳማ፣ ብላክባክ የተባለው አንቴሎፕና የበርበር በግ ለገበያ ሲቀርቡ ነው።

እንደ አደን ከመዘንነው አገልግሎቱ የሚሸጠው ከአደን ሁሉ ትንሿን ክፍል ነው። ዱካ መከተል፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ማድፈጥ፣ መተኮስ የማይገባ ሲሆን ጣትን ከቃታ ማንሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆሰለውን እንስሳ ተከታትሎ ሥቃዩን ማሳጠር በዚህ ግዢ ውስጥ የሉም። በ2005 መጀመሪያ በተደረገው የመጀመሪያው አደን ከርቀት የተኮሰው ሰው አሳማውን ቢመታውም ወዲያው አልገደለውም፤ የጨረሰው በቦታው የነበረው የድረ ገጹ ባለቤት ነው። ገንዘቡን የከፈለው አንድ፣ ኃላፊነቱን የተሸከመው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በላይ አገልግሎቱን የሚያስተች ነገር አላየሁም። የምስሉና የትእዛዙ በመስመር ላይ መዘግየት እንኳን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉድለት ነው፤ እንስሳ ግን ምስሉ እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅም።

የግዛቶቹ ምላሽ ፈጣን ነበር። በ2005 ቨርጂኒያ በኢንተርኔት የሚደረግ አደንን በሕግ በመከልከል ቀዳሚ ሆነች፤ ካሊፎርኒያና ራሷ ቴክሳስም በዚያው ዓመት ተከተሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ30 የሚበልጡ ግዛቶች ተመሳሳይ ክልከላ ደነገጉ። የቴክሳስ ጉዳይ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሥልጣን በሕግ የታወቁትን የአደን እንስሳት እንጂ ከውጭ የገቡ ዝርያዎችንና የዱር አሳማን አያካትትም ነበር፤ ድረ ገጹ ለሽያጭ ያቀረበው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ብቻ በቂ ስላልነበር የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ራሱ መግባት ነበረበት። የወጣው ሕግ መመዘኛ ያደረገው እንስሳው በቴክሳስ መገኘቱን ነው፤ ተኳሹ የትም ይቀመጥ የት፣ እንዲሁም መሣሪያውን አዘጋጅቶ የሚያቀርበውም ሰው ከክልከላው አያመልጥም። በእኔ ግምት ይህ አጻጻፍ ብልህነት አለበት፤ ደንበኛውን ፍለጋ ዓለምን ከመዞር ይልቅ ጠመንጃው የተተከለበትን መሬት ይይዛልና።

በፌዴራል ደረጃ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ግን አልጸደቀም። የእንስሳት ተከራካሪው ሂዩመን ሶሳይቲና የጠመንጃ ባለቤቶች ተቆርቋሪ የሆነው ናሽናል ራይፍል አሶሲዬሽን በአንድ ወገን የቆሙበት ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ሁለቱም ክልከላውን የደገፉበት ይህ ጉዳይ ከእነዚያ አንዱ ሆነ። አንዳንዶች ግዛቶቹ የከለከሉት ማንም የማይሠራውን ነገር ነው ብለው መሳለቃቸው መሠረት አለው፤ ነገር ግን ንግዱ ሳይስፋፋ መከልከሉ ሕጉን ከንቱ አያደርገውም።

ለአገልግሎቱ የቀረበው ጠንካራው መከላከያ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከተው ነው። ከአልጋው መነሳት የማይችል ሰው የአደን ፍላጎቱን በዚህ መንገድ ሊያረካ ይችላል የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ብዙ ግዛቶች አካል ጉዳተኛው በመስኩ ተገኝቶ፣ ለምሳሌ በአፉ በሚስበውና በሚነፋው ቱቦ ቃታውን በሚያንቀሳቅስ መሣሪያ እንዲያድን ልዩ ፈቃድ ይሰጣሉ። ይህ መንገድ አድካሚና ረዳት የሚጠይቅ ነው፤ ወደ መስኩ ጨርሶ መድረስ ለማይችለው ሰውም መፍትሔ አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ከላይቭ-ሾት ሊተርፍ ይገባው የነበረው የወረቀት ዒላማው ክፍል ነው፤ ለዚያ 5.95 ዶላር መክፈሉን አልቃወምም።