ጃንሜዳ ላይ ወክ ለምታሰራን አሰልጣኝ

ጠዋት ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ፈጣን ወክ የምታሰራንን አሰልጣኝ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እንደኔ ከ40 ዓመት በላይ ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትውሉ ደግሞ ከልቤ እጠቁማታለሁ።

የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ ከወንበሬ የምነሳው ለምሳ ብቻ ነው። ወደ እሷ የሄድኩት ግፊቴ አልወርድ ሲል፣ ወገቤም ሲያስቸግረኝ ነበር። ክፍያውን ይዤ ብቀርብ አልተቀበለችኝም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። ሐኪምዎን አማክረው ይምጡ» አለችኝ። ያመንኳት ያኔ ነው።

ብዙዎቻችን መራመድ ሁሉ ስፖርት ይመስለን ነበር። እሷ ግን ፍጥነቱ ላይ ቀልድ አታውቅም። አጠገባችን እየሄደች እርምጃችንን ትቆጥራለች፤ በደቂቃ 100 ገደማ መሆን አለበት። ክንድ ይታጠፋል፣ እርምጃው አጠር ፈጠን ይላል። እያወራን እንድንሄድ ታደርገናለች። ማውራት ያቃተው ይቀንሳል፣ መዝፈን የቻለ ይጨምራል። ደረቱን ጨምደድ ያደረገው ሰው ግን ወዲያው ቆሞ ሐኪም ጋ ይሄዳል። በዚህ አትደራደርም። ዳገት ልታስወጣን ወደ እንጦጦ የወሰደችንም ሜዳው ላይ ከተፍታታን በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እሷ በ5 ቀን ከፍላ 30፣ 30 ደቂቃ ታሰራናለች። ጠዋት ያልተመቸው ከምሳ በኋላ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ያሟላል። የሚሰራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ የምሳዋ ወክ ስኳር ላለበት ሰው በጣም ትጠቅማለች።

አንድ ትልቅ ሰው ግፊታቸው ወረድ ሲል ኪኒናቸውን ሊተዉ አሰቡ። «ሐኪምዎ ሳያውቅ አንዲት እንዳይተዉ!» ብላ ተቆጣቻቸው። በዕድሜ ልጃቸው ብትሆን ነው፣ ግን ሰሟት። እኔም መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። ግፊቴ ተስተካክሏል፣ ወገቤም ቀሎኛል።

እህቴ፣ በዚያ የክረምት ብርድ ቀድመሽን ደርሰሽ ስለምትጠብቂን፣ የቀረ ሰው ደህና መሆኑን ደውለሽ ስለምትጠይቂ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ።

ክፍያዋ የመንግስት ሰራተኛ የሚችለው ነው። ሰው ከተሰባሰበ መስሪያ ቤት ድረስም ትመጣለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጣችሁ ፈቅዳልኛለች።