የግጥም መጽሔት በደሴ፦ በወረቀት ወይስ በቴሌግራም?

ደሴ ላይ ትንሽ የግጥም መጽሔት ለመጀመር ሁለት መንገድ አለ። ቴሌግራም የማተሚያ ወጪ የለበትም። ማታ የተጻፈ ግጥም ወዲያው ኮምቦልቻም ባቲም ይደርሳል። በድምፅ ማንበብም ይቻላል፤ አምባሰልና ባቲ የሚባሉ ቅኝቶች ላሉት ወሎ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሂሱ ላይ ነው። አንባቢው የልብ ምልክት ነክቶ ያልፋል። ስንኙ የት እንደተሰበረ፣ ቤት መምቻው የት እንዳልገጠመ ለገጣሚው የሚነግረው የለም። እንዲህ ሆኖ እንዴት ያድጋል?

ወረቀት ውድ ነው፤ ስርጭቱም ከፒያሳ ብዙ ላይርቅ ይችላል። ግን ሃያሲው እርሳስ ይዞ ያነበዋል፣ ያሰምርበታል፣ በሚቀጥለው እትም ይሞግታል። ገጣሚውም መልስ ይጽፋል። አንባቢ ሁለቱንም ይዳኛል።

እኔ በዓመት ሁለቴ ብቻ ቢወጣም ወረቀቱን እመርጣለሁ። በመሃል የድምፅ ንባቡን በቴሌግራም መልቀቅ ይቻላል።