የኤ.አር.አር.ኤል የባንድ ቻርት፦ መስመሩን ያሳያል፣ ማሳያችሁን የት እንደምታቆሙ ግን አይነግርም

በአሜሪካ አማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ዘንድ ከመሣሪያው ጎን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚታየው ባለ ቀለም የባንድ (የተፈቀዱ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) ቻርት የኤ.አር.አር.ኤል፣ ማለትም የአሜሪካ አማተር ሬዲዮ ማኅበር፣ ሥራ ነው፤ ከማኅበሩ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ቀለሙ ሞርስ፣ ዳታ ወይስ ድምፅ እንደሚፈቀድ፣ ፊደላቱ ደግሞ ለየትኛው የፈቃድ ደረጃ እንደሆነ ይነግራሉ። በኤፍ.ሲ.ሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ደንብ ክፍል 97 ፍሪኩዌንሲው በአንቀጽ 97.301፣ የስርጭቱ ዓይነት በ97.305 ስለተቀመጠ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

የ20 ሜትርን ረድፍ እንይ። ባንዱ ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ ነው። ድምፅ ለከፍተኛው የፈቃድ ደረጃ፣ ለኤክስትራ፣ ከ14.150፣ ቀጥሎ ላለው ለአድቫንስድ ከ14.175፣ ከዚያ ለጄኔራል ከ14.225 ይጀምራል። ደንቡን አንብቦ ይህን ደረጃ በደረጃ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ቻርቱ ላይ ግን ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ እንከን የለውም።

ችግሩ የሚመጣው መስመሩን ከሬዲዮው ማሳያ ጋር ሲያመሳስሉት ነው። ከመስመሩ ማለፍ የሌለበት ሲግናሉ በሙሉ ነው፤ በኤስ.ኤስ.ቢ (ከተሸካሚው ሞገድ በላይ ወይም በታች ካሉት ሁለት የሲግናል ጎኖች፣ ማለትም ሳይድባንዶች፣ አንዱ ብቻ በሚላክበት የድምፅ ዘዴ) ማሳያው የሚያሳየው ግን የታፈነውን ተሸካሚ ሞገድ ብቻ ነው። ድምፅ 3 ኪሎኸርዝ ያህል ይይዛል። በላይኛው ሳይድባንድ ይህ ሁሉ ከቁጥሩ በላይ ስለሚዘረጋ፣ 14.349 ላይ የሚናገር ሰው ቁጥሩ ባንዱ ውስጥ ቢሆንም አብዛኛው ድምፁ ውጭ ነው። ወሰኑ 14.347 ነው። በ40 እና በ80 ሜትር በልማድ ታችኛው ሳይድባንድ ስለሚሠራ አደጋው ወደ ታችኛው ጠርዝ ይዞራል፤ የጄኔራል ድምፅ ከ7.175 ቢጀምርም ማሳያው ከ7.178 በታች መውረድ የለበትም። ኤ.ኤም በሁለቱም ጎን 3 ኪሎኸርዝ ይፈልጋል። ኤፍ.ኤም ደግሞ በ2 ሜትር ባንድ 16 ኪሎኸርዝ ገደማ ስፋት ስላለው፣ 148 ከመድረሱ በፊት ያለው 147.995 አይሠራም፤ 147.985 ላይ መቆም ይሻላል።

ሬዲዮው ያስቆመኛል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከአማተር ባንድ ውጭ ማስተላለፍን ይከለክላሉ እንጂ የባለቤቱን የፈቃድ ደረጃ አያውቁም። በተለይ በስፕሊት (በአንድ ፍሪኩዌንሲ እየሰሙ በሌላ በማስተላለፍ) ሲሠራ፣ የሚሰሙበት ቁጥር ትክክል ሆኖ የሚያስተላልፉበት ሁለተኛው ቪ.ኤፍ.ኦ (የፍሪኩዌንሲ መምረጫ) ከተፈቀደው ውጭ ሊሆን ይችላል።

ማሳያው ራሱስ ልክ ነው? የዘመኑ መሣሪያ በሚሊዮን አንድ ቢስት በ14 ሜጋኸርዝ ስህተቱ 14 ኸርዝ ብቻ ነው፤ የሚያሳስብ አይደለም። አሮጌ፣ በሜካኒካል ዳያል የሚሠራ ሬዲዮ ግን ከ1 ኪሎኸርዝ በላይ ሊሳሳት ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከኮሎራዶ የሚተላለፈውን የደብሊው.ደብሊው.ቪ የፍሪኩዌንሲ መለኪያ ጣቢያ በ10.000 ሜጋኸርዝ ይዛችሁ፣ አንዴ በላይኛው፣ አንዴ በታችኛው ሳይድባንድ ድምፁን አዳምጡ። ቅጥነቱ ከተለያየ፣ የልዩነቱ ግማሽ የመሣሪያው ስህተት ነው።

ቴክኒሻኖች (የመጀመሪያው የፈቃድ ደረጃ ባለቤቶች) ከቻርቱ በብዛት የሚፈልጉት የ10 ሜትርን ረድፍ ነው፤ ከ28.300 እስከ 28.500 በኤስ.ኤስ.ቢ ድምፅ፣ እስከ 200 ዋት። በላይኛው ሳይድባንድ መቆሚያው 28.497 ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ይዘውት ለሚሄዱ ግን ቻርቱ አሳሳች ነው። በአይ.ቲ.ዩ (የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) ክልል 1፣ ማለትም በአውሮፓና በአፍሪካ፣ 40 ሜትር 7.200 ላይ፣ 2 ሜትር ደግሞ 146 ላይ ያበቃል፤ የአገሩ ሕግ ከዚያም ሊያጠብበው ይችላል። ሌላው የሚዘነጋው፣ ይህ ሕጋዊ ወሰን እንጂ የባንድ አጠቃቀም ስምምነት አለመሆኑ ነው፤ በ14.100 ላይ የሚሠሩትን ቢከኖች (የሞገድ ስርጭትን ለመፈተሽ ሲግናል የሚልኩ ጣቢያዎች) ከዚህ ቻርት አትማሩም።

ስታትሙ በቀለም አትሙ፤ በጥቁርና ነጭ የዳታውና የድምፁ ጥላ ይመሳሰላል። ከዚያ በእስክሪብቶ ከየመስመሩ አጠገብ የማሳያውን ወሰን ጻፉ፦ ለጄኔራል ድምፅ ከታች 3.803 እና 7.178፣ ከላይ 14.347 እና 21.447።