የትንፋሽ አልኮል መለኪያ፦ ርካሹ፣ ፊውል ሴሉ ወይስ ወርኃዊው?

ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ መኪና የሚያሰማሩ ባለንብረቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ቤቴ ሆኜ ሹፌሬ መጠጣቱን የማውቅበት የትኛውን ልግዛ? ፊውል ሴል (የትንፋሹን አልኮል ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ የሚለካ ሴንሰር) ያለው ተራ መለኪያና የቴሌግራም ቪዲዮ ጥሪ ይበቃል።

ርካሹ ሰሚኮንዳክተር ኦንላይን ከ15 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ፊውል ሴሉ 100 ዶላር አካባቢ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን ርካሹ ውስጥ ያለው የጋለ ቲን ኦክሳይድ አልኮልን ብቻ አይለይም፤ ለሲጋራ ጭስ፣ ስኳሩ ለበዛበት ሰው ትንፋሽ (አሴቶን አለበት) ሁሉ ቁጥር ያወጣል። ያልጠጣ ሹፌር ተጠርጥሮ አንድ ጭነት ከቀረ የተቆጠበው ብር እዚያው አለቀ።

እንደ ሶበርሊንክ ያሉት በኔትወርክ የሚሠሩ መለኪያዎች ውጤቱን ከነፎቶው ራሳቸው ይልካሉ። ሆኖም ወርኃዊ ክፍያ አላቸው፣ ያውም በዶላር። በእኛ ኔትወርክ መሥራቱ ሳይረጋገጥ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ሣጥኑ ላይ «ፊውል ሴል» ስለተጻፈ ብቻ አትመኑ። ንጹሕ አሴቶን የነካ ጥጥ 2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ለደቂቃ አስቀምጣችሁ አውጡት፤ ከዚያ ሃይላንዱን እየጨመቃችሁ አየሩን ወደ መለኪያው ንፉ። ቁጥር ከወጣ ሰሚኮንዳክተር ነው። አልኮል የተቀላቀለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ፊውል ሴሉንም ያስቆጥራል፣ በእሱ አትፈትኑ።

ካሊብሬሽን (መጠኑ በሚታወቅ አልኮል መለኪያውን ማስተካከል) በየ6 ወይም 12 ወሩ ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ ብዙ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ለማስተካከያ የሚያገለግለው፣ አልኮል ያለበት የደረቅ ጋዝ ጠርሙስ ላይ ያለው የአልኮል ቁጥር ለባሕር ወለል ግፊት ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ 0.100 የተባለው ጋዝ በተግባር 0.075 አካባቢ ነው። ሠራተኛው ሳያርም 0.100 ብሎ ካስተካከለው መሣሪያው ከዚያ በኋላ የሁሉንም ሰው ውጤት በሲሶ ያህል ያበዛል። አልኮል የተቀላቀለበትን ውሃ 34 ዲግሪ አሙቆ ትንፋሽ የሚያስመስለው ሲሙሌተር ይህ ጣጣ የለበትም፤ ከተገኘ እሱን ምረጡ።

ጥሪው ሹፌሩ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፣ ሰዓቱም ይቀያየር። ሹፌሩ አፉን በውሃ ተጉመጥሙጦ 15 ደቂቃ ምንም ሳይቀምስ ይቆይ፤ አፍ ውስጥ የቀረ አረቄ ቁጥሩን ያንረዋል። ካሜራው ሳይቋረጥ ባዶውን ስክሪን፣ ሲነፋ ፊቱን፣ ከዚያ ውጤቱን ያሳይ። የአፍ ቱቦውን ለሁለት ሹፌር አታጋሩ፣ ምራቅ ከገባበት ሴንሰሩም ይጎዳል።