ቶርቲያው ልክ ነው፤ የምሳው ሂሳብ ግን ያስቀይማል

ቢላው ሲገባበት ቶርቲያው (የስፔን የድንችና የእንቁላል ጥብስ) አይበታተንም፣ እንደ ውሃም አይፈስም። ከመሃሉ ወፈር ያለ ቢጫ እርጥበት ቀስ ብሎ ይወጣና ሳህኑ ላይ ይረጋል። ውፍረቱ ሦስት ጣት ይሆናል፤ ውጩ ወርቃማ እንጂ ያረረ አይደለም፤ ድንቹ በሹካ ጫፍ ሲነካ ለሁለት ይከፈላል፤ ሽንኩርቱ በዓይን አይለይም፣ ጣፋጭነቱ ግን አለ። ማድሪድ ውስጥ ቶርቲያ የማይሸጥ የሰፈር ባር ማግኘት ይከብዳል፤ እንዲህ አድርጎ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ካራባንቼል በተባለው የማድሪድ ሰፈር ያለው ይህ ባር ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ ስለ ምሳው ከታች የምለው እንዳለ ሆኖ።

ወጥ ቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው መስኮት ስለሚታይ አሠራሩን መከታተል ይቻላል። ለአንድ ትልቅ ቶርቲያ አንድ ኪሎ ድንች፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርትና ስምንት እንቁላል ይገባል። ድንቹ በአራት ማዕዘን አይከተፍም፤ በስሱ፣ አንዱ ወፈር ሌላው ሳሳ እያለ ይቆረጣል፤ ሳሳ ያለው ይሟሟና ወፍራሙን ያያይዘዋል። ከዚያ ከነሽንኩርቱ የወይራ ዘይት እስኪሸፍነው ፈሶበት በለስላሳ እሳት ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ዘይቱ ትንንሽ አረፋ ብቻ ማውጣት አለበት። እሳቱ ከበረታ ድንቹ እንደ ችፕስ ይደርቃል፤ የደረቀ ድንች ደግሞ እንቁላል አይጠጣም። ሽንኩርቱም እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነው፤ ያቻኮሉት ሽንኩርት አፍ ውስጥ ይንቋቋል።

አብዛኛው ባር የሚዘለው ቀጣዩን ደረጃ ነው። ድንቹ ከዘይቱ ወጥቶ በወንፊት ይንጠፈጠፋል፣ ጨው ይነካዋል፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው የተመታው እንቁላል ውስጥ ይገባና ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያርፋል። በዚያ ጊዜ እንቁላሉ ድንቹ ውስጥ ይሰርጋል፣ በሙቀቱም ትንሽ ይወፍራል። ሳያሳርፉ ወዲያው መጥበሻ ላይ የገለበጡት ቶርቲያ ሲቆረጥ ድንቹ ለብቻው፣ እንቁላሉ ለብቻው ሆኖ ይታያል። ይህኛው ቤት ያሳርፋል። መጥበሻውም ለቶርቲያ ብቻ የተለየ ነው፤ ሥጋና ዓሣ የሚጠበስበት መጥበሻ ላይ ቶርቲያ ይጣበቃልና። በደንብ ከጋለ በኋላ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ድብልቁ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል በብርቱ እሳት፣ በሳህን ግልበጣ፣ በሌላው በኩል ደግሞ አንድ ደቂቃ። ጠርዙን በማንኪያ ወደ ውስጥ እያጠፉ ያከቡታል። ይኸው ነው።

መሃሉ እርጥብ የሆነ እንቁላል የሚያስፈራው ሰው ይኖራል፤ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። በሳልሞኔላ ምክንያት ስፔን በ1991 (በፈረንጆች) ያወጣችው ደንብ 75 ዲግሪ ለማይደርስ የእንቁላል ምግብ በፋብሪካ የታከመ እንቁላል መጠቀምን ያዝዝ ነበር። ብዙ ባር በካርቶን የሚመጣ ፈሳሽ እንቁላል የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ጣዕሙም ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል። በ2022 የወጣው አዲስ ደንብ ግን መሃሉ 70 ዲግሪ ለሁለት ሰከንድ፣ ወይም ወዲያው ለሚበላ 63 ዲግሪ ለሃያ ሰከንድ ከደረሰ ትኩስ እንቁላል ይፈቅዳል። ማለትም ትኩስ እንቁላል ሰብሮ፣ መሃሉን ወፈር ያለ እርጥብ አድርጎ፣ ከሕግም ከጤናም ሳይጋጩ መሥራት ይቻላል። ቁልፉ ወዲያው መበላቱ ላይ ነው። ከማቀዝቀዣ ውጭ ለሰዓታት ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ መሃሉ የሚፈስ ቶርቲያ ካያችሁ እለፉት።

ሰዓቱም የሚወስነው ለዚህ ነው። ስፔናውያን ቁርስ ሁለቴ ነው የሚበሉት ማለት ይቻላል፤ ማለዳ ቤት ውስጥ ቡናና ብስኩት፣ ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አራት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ከሥራ ወጥቶ ባር ውስጥ ጠንከር ያለ ነገር። የመጀመሪያው ቶርቲያ የሚወጣው ለዚያ ሕዝብ ነው። ሁለተኛው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከምሳ በፊት ትንሽ ቢራ ይዘው ለሚቆሙት ይወጣል። ምሳው ራሱ ስምንት ሰዓት ነው። ይህ ብዙ እንግዳ ስንፍና ይመስለዋል፤ ስፔን በ1940 ሰዓቷን ከመካከለኛው አውሮፓ ጋር ስላስተካከለች ነው እንጂ በአውሮፓ በጋ ማድሪድ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ስምንት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ቀኑን ከፀሐይ ለሚቆጥር ሰው ስፔናዊው ምሳውን የሚበላው በእኩለ ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብትገቡ የሚመጣላችሁ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በማይክሮዌቭ የሞቀ ቁራጭ ነው። እንቁላሉ ይጠነክራል፣ ዘይቱን ይተፋል፣ ዋጋው ግን ያው 3 ዩሮ ከ50 ነው። ይህ ተገቢ አይደለም። «እስታ ረሲኤን ኤቻ?» ብላችሁ አሁን የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴትዮ አትዋሽም፣ ካልሆነ አይደለም ትላለች።

ሽንኩርት ይግባበት አይግባበት በሚለው ላይ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። የጋሊሲያዋ ቤታንሶስ ከተማ ቶርቲያ ሽንኩርት የለውም፣ መሃሉም ከዚህኛው በጣም ይፈስሳል፤ በማንኪያ የሚበላ ነው ማለት ይቻላል። በማድሪዱ ሳላማንካ ሰፈር፣ ላ ፓስ ገበያ ውስጥ ያለው የካሳ ዳኒ ባር ቶርቲያ ደግሞ ሽንኩርት ያለበት ነው፤ ዝናው ትልቅ ስለሆነ ሰልፍ አለው። የካራባንቼሉ ከካሳ ዳኒ አያንስም፤ ሰልፍ የለውም፤ በእኔ ሚዛን ድንቹ እንዲያውም ይበልጣል።

ቡናው ላይ ግን አልስማማም። ብዙ የስፔን ባር የሚያፈላው «ሜስክላ» ነው፤ ከፊሉ ፍሬ ሲቆላ ስኳር ተጨምሮበት ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ የወጣ። ያ ስኳር ያረረ ስኳር ነው፤ ጣፋጭ ሳይሆን መራራ ያደርገዋል፣ የፍሬውንም ጠረን ይሸፍነዋል። ቡና አውቆ ላደገ ምላስ ይከብዳል። «ናቱራል» (ያለ ስኳር የተቆላ) አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያዋጣል፤ እዚህ የለም። ማኪያቶ የለመደ ኮርታዶ ይዘዝ፤ ወተቱ ትንሽ ያለዝበዋል።

አሁን ወደ ምሳው። የቀኑ ሜኑ 14 ዩሮ ከ50 ነው፤ አንደኛ ሳህን፣ ሁለተኛ ሳህን፣ ዳቦ፣ አንድ መጠጥ፣ ጣፋጭ ወይም ቡና። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሠራተኛው ምሳ ይኸው ነው፤ ረቡዕ ኮሲዶ (የሽምብራና የሥጋ ቅቅል)፣ ሐሙስ ፓኤያ (የሩዝ ምግብ) ማቅረብም በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ለካራባንቼል ዋጋው ትንሽ ይበዛል፤ ምግቡ ለክፉ አይሰጥም። የሐሙሱ ፓኤያ ግን ከቀትር በፊት ተሠርቶ ስለሚቆይ ሩዙ አብጦ ነው የሚመጣው።

ያስቀየመው ውሃው ነው። በሜኑው ውስጥ ያለው መጠጥ ቢራ ሆኖ፣ በላዩ የቧንቧ ውሃ ሲጠየቅ አስተናጋጁ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ «እዚህ የቧንቧ ውሃ አንሰጥም፣ መታጠቢያ ቤቱ እዚያ ነው» አለ። ከዚያ ሳይታዘዝ የታሸገ አመጣ፣ ሂሳቡ ላይ 2 ዩሮ ከ50 ጨመረ። በ2022 የወጣው የቆሻሻ ሕግ (ቁጥር 7/2022) ማንኛውም ምግብ ቤት ለደንበኛው ያልታሸገ ውሃ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የማድሪድ ውሃ ደግሞ ከ1858 ጀምሮ ከሎዞያ ወንዝ፣ ከጓዳራማ ተራሮች የሚመጣ በጣም ጥሩ ውሃ ነው። ጠዋት ባንኮኒው ላይ ሳይጠየቅ በብርጭቆ የሚሰጥ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን እንግዳ እንዲህ ማዋረዱ አይገባኝም። እንዲህ ሲገጥማችሁ አትጨቃጨቁ፤ «ኦሃ ዴ ረክላማሲዮኔስ» በሉ። የቅሬታ ቅጽ መያዝ ግዴታቸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅጹ ከመምጣቱ በፊት ውሃው ከሂሳቡ ይወጣል።

ውጭ የተቀመጠ ሰው ሂሳቡ ላይ አሥር በመቶ ይጨመርበታል። አስቀድሞ በግልጽ ከተለጠፈ ይቻላል፤ እዚህ የተለጠፈው ከበሩ በስተውስጥ ነው፤ ውጭ የተቀመጠው በምን ያየዋል?

ጾመኛና አሳማ የማይበላ ወገን ደግሞ ይህን ይያዝ። ምስሩ ውስጥ ቾሪሶ (የአሳማ ቋሊማ) አለ፤ ፋሶሊያው ላይ ሃሞን (በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን) ይነሰነሳል፤ ክሮኬታው ውስጥ የተከተፈ ሃሞን ተደብቋል። «ሲን ካርኔ» (ሥጋ የሌለበት) ብቻ ብትሉ ብዙ አስተናጋጅ ሃሞንንና ቱናን ከሥጋ አይቆጥርም። «ኒ ሃሞን፣ ኒ ቾሪሶ፣ ኒ ካልዶ ዴ ካርኔ» (ሃሞንም፣ ቾሪሶም፣ የሥጋ መረቅም አይኑርበት) ብላችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሩ፤ ሾርባው ውስጥ ያለው የሥጋ መረቅ ነው ብዙ ሰው የሚያመልጠው። ቶርቲያው ሥጋ የለውም፣ እንቁላል ስላለው ግን ለጾም አይሆንም። ለጾም የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ያለበት የተጠበሰ ዳቦ አለ፤ 2 ዩሮ ከ20 ነው፣ ዘይቱም ጥሩ ዘይት ነው። ወቅቱ ሲሆን የፓድሮን ቃሪያ በዘይትና በጨው ብቻ ተጠብሶ ይመጣል።

ለምሳ አልመክረውም፤ ያ አስተናጋጅ የሚገባው በምሳ ሰዓት ነው። ጠዋት ግን ሂዱ፣ ባንኮኒው ላይ ቁሙ፣ ቶርቲያውን ጠይቁ፤ ሂሳብ የሚከፈለው በመጨረሻ ነው፣ ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ሳንቲም ከተረፈ ይበቃል። እሁድ ወጥ ቤቱ ዝግ ነው፤ ያን ቀን ባንኮኒው ላይ የምታዩት የቅዳሜው ቶርቲያ ነው።