የብሪታንያ አነስተኛ በጀት ፊልም፦ በአከፋፋይ ወይስ በራስ?

ፊልሙን ጨርሰው «ለአከፋፋይ እንስጠው ወይስ ሲኒማ ቤቶቹን ራሳችን እናናግር?» ለሚሉ ሁሉ መልሱ አጭር ነው፦ ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጥ አከፋፋይ ካልመጣ ራሳችሁ አሳዩት። ሒሳቡን ተመልከቱ።

ከ10 ፓውንድ ትኬት ላይ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲነሣ 8.33 ይቀራል። ሲኒማ ቤቱ ለፊልሙ 35 በመቶ ከሰጠ 2.92 ነው። አከፋፋይ ካለ ከዚሁ ላይ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ቀጥሎ ለፖስተርና ለማስታወቂያ ያወጣውን ይቆርጣል። ያ እስኪመለስ ድረስ ፕሮዲዩሰሩ አምስት ሳንቲም አያገኝም። የወጪ ጣሪያ የሌለው ውል ፈጽሞ አይፈረምም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ፊልም ሠሪው ራሱ ከፍሎ «ተከፋፈለልኝ» የሚልበት ውል ነው፤ ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

በራስ ሲሆን አዳራሽ መከራየት ወይም በመቶኛ መስማማት ይቻላል። ኪራዩ 300 ፓውንድ ቢሆን በ36 ትኬት ይመለሳል፤ ከ35 በመቶው ድርሻ የሚበልጠው ግን ከ56ኛው ትኬት ጀምሮ ነው። ያን ያህል ሰው እንደሚመጣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ መቶኛው ይሻላል።

ዓርብ ከትልልቆቹ ፊልሞች ጋር አትውጡ። ሲኒማ ቤቶቹ ሰኞ ጠዋት የቅዳሜና እሑዱን ሽያጭ አይተው ደካማውን ያወርዳሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ፣ ዳይሬክተሩ ባለበት፣ ከተማ በከተማ አንድ አንድ ምሽት ማሳየት ያዋጣል። የዕድሜ ደረጃ ሰጪው ቢቢኤፍሲ በፊልሙ ርዝመት ልክ ያስከፍላል፤ ለጥቂት ምሽቶች ብቻ ከሆነ ግን የአካባቢውን ምክር ቤት ማስፈቀድ ይቻላል። ሥልጣኑ በሕግ የምክር ቤቱ ነው፤ ሳምንታት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ብዙዎች የሚወድቁት ለሲኒማ በሚላከው ቅጂ፣ በዲሲፒው ላይ ነው። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል፤ ችግሩ የፊልሙ ፍጥነት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ፊልም እንደ ቴሌቪዥኑ በሴኮንድ 25 ምስል ይቀረጻል፤ አንዳንድ የቆዩ የሲኒማ ማሽኖች ግን 25ቱን አይቀበሉም። ወደ 24 ሲቀየር የ100 ደቂቃው ፊልም 104 ደቂቃ ይሆናል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ ስለዚህ ድምፁ ለብቻው መስተካከል አለበት። ሃርድ ዲስኩ በኤክስት 2 ወይም በኤክስት 3 ፎርማት ይደረግ። ፊልሙን በዲጂታል ቁልፍ አትቆልፉት፤ ቁልፉ የሚከፍተው ለተባለው ማሽንና ሰዓት ብቻ ስለሆነ ፊልሙ ከአዳራሽ 1 ወደ አዳራሽ 3 ከተዛወረ አይከፈትም። ሙከራውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አይቁም፤ የምስሉና የድምፁ መለያየት ብዙ ጊዜ የሚታየው ወደ መጨረሻው ነው።